መንታ ሕፃናት ይዞ ረጅም መንገድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

የበዓልና የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ሕፃናትን ለአያቶች ለማሳየት መንገድ የሚወጣው ቤተሰብ ይበዛል። ከደረሱን ጥያቄዎች በርካቶቹ መንታ ከወለዱ እናቶችና አባቶች ስለሆኑ ይህን እትም ለእነሱ ሰጥተነዋል። መልሱን ያዘጋጁት የሕፃናት ጤና ባለሙያዎችና የሕፃናት መኪና ወንበር የሚገጥሙ ባለሙያዎች ናቸው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ መንታ ልጆቻችን አምስት ወራቸው ነው። አያታቸው ሐዋሳ ስለሆኑ በራሳችን ቪትዝ ይዘናቸው ልንሄድ ነው። እናቴ «አንቺና እህትሽ ከኋላ ሆናችሁ አንዳንድ እቀፏቸው፤ ወንበር ላይ ካሰራችኋቸው መንገዱን በሙሉ ሲያለቅሱ ነው የሚሄዱት» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ወንበር እንግዛ ይላል። ሁለት የሕፃን ወንበርስ ቪትዝ ውስጥ ይገባል? — የመንታ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናትዎ ያሉት ከአንጀታቸው አዝነው ነው። ያም ሆኖ ሕፃን በእቅፍ ይዞ በመኪና መሄድ እጅግ አደገኛ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ግማሽ ሜትር በምትሆን ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ እቅፍዎ ላይ ያለው 6 ኪሎ ልጅ በዚያች ቅጽበት ወደ 120 ኪሎ ያህል ጫና ይሆናል። የቱንም ያህል አጥብቀው ቢይዙት ክንድዎ አይችለውም። የራስዎን ቀበቶ ከልጁ ጋር ለሁለት ማሰር ደግሞ ይብስበታል፤ የእርስዎ ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ ባለቤትዎ እንዳሉት ሁለት ወንበር ግዙ።

ወንበሩ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ ያዞረ ይሁን። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠነከረም፤ ፊቱን ወደ ኋላ ሲያዞር የግጭቱን ጫና ጀርባው በሙሉ ይካፈለዋል። ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ወይም ወንበሩ የሚፈቅደውን ኪሎና ቁመት እስኪያልፍ ድረስ እንደዚያው ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ወንበር ኤርባግ ባለበት የፊት መቀመጫ ላይ በፍጹም አይታሰርም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የወንበሩን ጀርባ መትቶ ልጁን ሊገድለው ይችላል።

ያገለገለ ወንበር ስትገዙ ፕላስቲኩን ገልብጣችሁ የተመረተበትንና የአገልግሎት ዘመኑ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ። አብዛኛው ከ6 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ግጭት ያየ፣ የተሰነጠቀ፣ ማሰሪያው የተተለተለ ወይም ታሪኩ የማይታወቅ ወንበር በርካሽ ቢገኝም ይቅርባችሁ።

ወደ ቪትዟ እንምጣ። ሁለቱ ወንበሮች በቀኝና በግራ ጥግ ይገባሉ። መሐል የሚቀረው ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ከ40 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ለሰዓታት የሚቀመጥበት ሰው ቀጭን ካልሆነ ይቸገራል። የመሐሏ ሰው የራሷን ቀበቶ ማሰር ካልቻለች ቦታው ለሰው አይሆንም፤ የፊት መቀመጫ ላይ ትቀመጥና ልጆቹ ሲያለቅሱ መኪናው ይቁም። እህትዎም አብረው የሚሄዱ ከሆነ ወይ መሐል በቀበቶ መግባት አለባቸው፣ ወይ ሰፋ ያለ መኪና መፈለግ አለበት። በትንሽ መኪና ሌላም ችግር አለ፤ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር የሾፌሩን መቀመጫ ወደ ፊት ይገፋዋል። በሾፌሩ ደረትና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ካልቀረ ቁመቱ አጠር ያለው ሰው ይንዳ።

መግጠሙን ለጉዞው ዋዜማ አታቆዩት፤ ከሳምንት በፊት በቀን ብርሃን ሞክሩት። ቀበቶውን በወንበሩ ላይ በተመለከተው መስመር አሳልፋችሁ ቆልፉ፣ ወንበሩን በእጃችሁ ወደ መቀመጫው ተጭናችሁ ትርፉን ቀበቶ ሳቡ። ከዚያ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልጠበቀም ማለት ነው። ከላይ በኩል ትንሽ ቢነቃነቅ ግን ያለ ነው።

በአሮጌ መኪኖች ላይ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ቀበቶው ሲያጥር ነው። ወንበሩን በጀርባው ዞሮ የሚያስረው ዓይነት ረጅም ቀበቶ ይፈልጋል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አጥሮ አልቆለፍ ይላል። ቀበቶ ማርዘሚያ ገዝታችሁ አትቀጥሉ፤ ረጅም ቀበቶ በማይፈልግ ሌላ ወንበር ለውጡት። ለዚህ ነው ወንበሩ ከመከፈሉ በፊት መኪናው ላይ መሞከር ያለበት።

ቀጥሎ ዘንበል ማለቱ ነው። በጣም ከቆመ ልጁ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የአየር መንገዱ ይጠባል፤ ይህን የምታውቁት ድምፅ በመስማት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ዝም ይላልና። ወንበሩ ላይ ያለው የማዘንበያ ምልክት ከሚፈቅደው መስመር ውጭ ከሆነና የወንበሩ መመሪያ ከፈቀደ፣ አንድ ፎጣ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና የመኪናው መቀመጫና መደገፊያ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ፣ በልጁ እግር በኩል ከወንበሩ ሥር አድርጉት።

ልጁን ስታስሩ የትከሻ ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ቀዳዳ ይውጣ። አጥብቃችሁ ስታበቁ ትከሻው ላይ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ፤ ጨርቁ ከተቆነጠጠ ገና ልል ነው። ወፍራም ሹራብ፣ የተደራረበ ልብስና ጋቢ ከማሰሪያው ሥር አይግቡ። በግጭት ጊዜ ይጨመቁና ማሰሪያው ልል ይሆናል፣ ልጁም ሊሾልክ ይችላል። በቀጭን ልብስ እሰሩትና ጋቢውን ከላይ አልብሱት። ከጭንቅላቱ በቀኝና በግራ ትንሽ የተጠቀለለ ጨርቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከጀርባው ግን ምንም አይግባ።

ስለ ልቅሶው፣ ያለቅሳሉ። ወንበሩን ቤት ውስጥ አስገብታችሁ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል እያሰራችሁ፣ እያያችኋቸውና እያጫወታችኋቸው አለማምዷቸው፤ ሲለምዱት ልቅሶው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አምስት ሰዓት ቢፈጅ ነው ብለን በጠዋት ወጥተን ለምሳ እንደርሳለን ብለናል። መንታዎቹ የሰባት ወር ናቸው። የት የት ብናቆም ይሻላል? — አባት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ መንታ ይዛችሁ አምስቱ ሰዓት ሰባት እንደሚሆን ከወዲሁ ተቀበሉ፤ ያኔ ማንም አይቸኩልም። መነሻው እንዲህ ነው። ሕፃን ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይፈታ በመኪና ወንበር መቀመጥ የለበትም። ለመንታ ደግሞ በትክክል የተሠራ አንድ ማቆሚያ 40 ደቂቃ ይወስዳል። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ስታቆሙ ሁለት ሰዓት ሆነ።

ለልጆቹ 11 ሰዓት ላይ ጡት ወይም ወተት ሰጥታችሁ፣ አስገስታችሁ፣ ዳይፐር ቀይራችሁ 12 ሰዓት ገደማ ውጡ። በዚያ ሰዓት ቃሊቲ ከመጨናነቁ በፊት ታልፋላችሁ፣ ልጆቹም ከእንቅልፋቸው ስላልጠገቡ መልሰው ይተኛሉ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ገብታችሁ የመጀመሪያውን ማቆሚያ ሞጆ አድርጉ። ሞጆ ላይ መውጣቱ ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ነገር ግን ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ 93 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ሳታቆሙ ከቀጠላችሁ ባቱ ስትደርሱ ሁለቱ ሰዓት አልፏል። በፈጣን መንገዱ ዳር ደግሞ ልጅ ለማጥባት አይቆምም፤ ያ መስመር ለተበላሸ መኪናና ለድንገተኛ አደጋ ነው፣ የቆመ መኪና ከኋላ የሚመታበት ቦታም እሱ ነው። ቢያለቅሱም እስከ ቀጣዩ መውጫ ሂዱ። መኪናው እየሄደ ልጅን ከወንበሩ መፍታት ክልክል ነው፤ ይህን ሾፌሩም አብሯችሁ ያለው ሰውም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙበት።

ባቱ ላይ ዋናውን ዕረፍት አንድ ሰዓት ሙሉ ውሰዱ፤ እናንተም አሣችሁን ብሉ፣ እናትየዋ በደንብ ትጠጣ። ከፈጣን መንገዱ ከወጣችሁ በኋላ መንገዱ ይለወጣል። ጋሪ፣ ከብት፣ ባጃጅና ከተማ በገባ ቁጥር ፍጥነት መቀነሻ እብጠት ስላለ በኪሎ ሜትር የምታሰሉት አይሠራም። አርሲ ነገሌ ላይ ሦስተኛውን አቁሙ። ከዚያ ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ ቅርብ ነው፤ 7 ሰዓት ገደማ ትገባላችሁ። ማምሻውን በዚህ መንገድ መንዳት አንመክርም፤ መብራት የሌለው ጋሪና መንገድ የሚያቋርጥ ከብት በጨለማ አይታይም።

ማቆሚያው ለምን 40 ደቂቃ እንደሚወስድ ከሥራው ይገባችኋል። መጀመሪያ ሁለቱም ከወንበራቸው ይውጡ። አንዱ ዳይፐር ሲቀየርለት ሌላው ይጥባ፣ ከዚያ ተለዋወጡ። ሁለቱም ጠግበው ሲያበቁ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ትከሻ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስገሷቸው። ቀሪውን ጊዜ ብርድ ልብስ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው እግራቸውን ያወራጩ። ሰው የሚዘልለው ይህን የመጨረሻውን ክፍል ነው። ጠግቦ ወዲያው የታሰረ ሕፃን ሆዱ ታጥፎ ማሰሪያው ስለሚጫነው ያቀረሸዋል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልብስ ለመቀየር ዳግም ትቆማላችሁ።

ስታቆሙ አንዱ እንቅልፍ ላይ ቢሆንስ? ቀስቅሱት። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ሰው የተኛን አይነካም፤ መንታ ያለው ግን የተኛውን ትቶ ከቀጠለ ከ40 ደቂቃ በኋላ ለሁለተኛው ሌላ ማቆሚያ ይፈልጋል፣ በዚያው ሰዓታቸው ተለያይቶ ቀኑን ሙሉ አይገጥምም። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አንዱ ሲጠባ ሌላውንም እያነቃችሁ ሰዓታቸውን አቀራርቡ።

ዳይፐር በየሁለት ሰዓቱ አንድ አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ ለሰባት ሰዓት በልጅ አራት፣ ለሁለቱ ስምንት፣ ለመጠባበቂያ አራት፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ፊት ለፊት ይቀመጥ። ቀሪው እሽግ የኋላ ኮፈን ውስጥ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ቅያሪ ልብስ፣ እያንዳንዱ ቅያሪ በራሱ ፌስታል ታስሮ ይያዝ፤ ያኔ በአንድ እጅ ታገኙታላችሁ። ለእናትየዋም አንድ ቅያሪ ሸሚዝ ያስፈልጋል። ፔርሙስና ጠንካራ ዕቃ መቀመጫ ላይ ሳይታሰር አይቀመጥ፤ በድንገተኛ ፍሬን ተወርውሮ ልጅ ይመታል። ከፊት መቀመጫ ሥር ወለሉ ላይ አጥብቃችሁ አስቀምጡት። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩም ከዳይፐሩ እሽግ ሥር እንዳይቀበሩ ኮፈኑን ስትጭኑ አስቡ።

ጥያቄ፦ ወተቴ ለሁለቱ ስለማይበቃ የዱቄት ወተትም እጨምራለሁ። ቤት አዘጋጅቼ በጡጦ ብይዝ አይበላሽም? ሙቀት ያለበት አገር ስለምንሄድስ ውሃ ልስጣቸው? አምስት ወር ተኩል ናቸው። — ከአያት

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። ስድስት ወር እስኪሞላቸው ውሃ፣ የአብሽ ውሃም ሆነ ሻይ አያስፈልጋቸውም፤ በሙቀትም ቢሆን። ትንሿ ሆዳቸው በውሃ ስትሞላ የሚጠቡት ወተት ይቀንሳል፣ መንገድ ላይ የሚገኝ ውሃ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። ሲሞቅ ጡቱን ቶሎ ቶሎ ስጧቸው። በቀን ስድስት ያህል ዳይፐር በደንብ ካረጠቡ ፈሳሽ አልጎደላቸውም።

ወተቱን ቤት በጥብጠው ሞቅ እንዳለ ቦርሳ ውስጥ አይያዙት። የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ለብ ብሎ ለሰዓታት ሲቀመጥ ተህዋስያን ይራቡበታል። የተዘጋጀ ወተት በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ልጁ አፉን ያሳረፈበት ጡጦ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የተረፈው ይደፋ። ለሩቅ መንገድ የሚሻለው ዱቄቱን ለብቻ፣ የፈላውን ውሃ ለብቻ ይዞ መሄድ ነው።

ልኩን እናስላ። 6 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በወተት ብቻ ቢያድር በቀን በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም 900 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ ለስድስት ጊዜ ሲከፈል በአንድ ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር ነው። እርስዎ ጡትም ስለሚሰጡ ያንሳል፤ ይሁንና ለመንገድ በሙሉ ልክ መያዝ ይሻላል። ለሰባት ሰዓት ጉዞ በልጅ ሦስት ጊዜና አንድ መጠባበቂያ፣ ለሁለቱ ስምንት ጡጦ ይሆናል። ስምንት የታጠቡና የተቀቀሉ ጡጦዎች ይያዙ፤ መንገድ ላይ ጡጦ አጥቦ ለመቀቀል አይታሰብም። የእያንዳንዱን ዱቄት በጣሳው ማንኪያ ለክተው በትንንሽ ክዳን ያላቸው ደረቅ ዕቃዎች ያዘጋጁ። ብዙዎቹ ጣሳዎች ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ይላሉ፤ የእርስዎ ጣሳ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። እንዲበረክት ውሃ ማብዛት ልጁን ምግብ ያሳጣዋል፤ እንዲያጠግበው ዱቄት ማብዛት ደግሞ ያደርቀዋል፣ ሆዱንም ያስረዋል።

ውሃው 1.2 ሊትር ስለሚሆን አንድ ትልቅ ፔርሙስ ከመያዝ ባለ አንድ ሊትር ሁለት ይሻላል። ፔርሙስ በተከፈተ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ሁለተኛው እስከ ባቱ ሳይከፈት ይቆያል። ፔርሙሱን መጀመሪያ በፈላ ውሃ ሞልተው አምስት ደቂቃ ያቆዩ፣ ይድፉትና እንደገና የፈላ ውሃ እስከ አፉ ይሙሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ተህዋስ ለመግደል ውሃው በሚጨመርበት ጊዜ ከ70 ዲግሪ መውረድ ስለሌለበት በቂ ነው፣ ግን ብዙ ትርፍ የለውም። ከጠዋቱ የተሞላ ተራ ፔርሙስ ከቀትር በኋላ አይታመንም።

መኪናው ሲቆም የመጀመሪያው ሥራ መበጥበጥ ይሁን። ጡጦውን ክዳኑ ጋ በማይደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመው ዳይፐር ይቀይሩ፤ እስኪጨርሱ ይቀዘቅዛል። ከመስጠትዎ በፊት የእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን ይለኩ። መኪናው እየሄደ የፈላ ውሃ አይቀዳም።

ያለቡት የጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በበረዶ ከረጢት በታጨቀ ሳጥን ውስጥ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት። ባቱ አካባቢ ቀን ከ25 ዲግሪ ስለሚያልፍ ያለ በረዶ አይያዙት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጥባት ቤት ውስጥ ቢመችዎትም በቆመ መኪና ውስጥ ቦታው ይጠባል። ተራ በተራ ያጥቡ፤ ባለፈው ጊዜ ሁለተኛ የጠባው አሁን መጀመሪያ ይጥባ።

ጥያቄ፦ መንታዎቻችን ወንድና ሴት ናቸው፤ በ35 ሳምንት ተወለዱ። ወንዱን በ40 ቀኑ ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ ክርስትና ልናስነሳ ነው። መንገዱ አጭር ነው፣ ምን ያስፈራል? — ከመገናኛ

መልስ፦ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አጭር ነው፤ ልጆቹ ግን ትንንሽ ናቸው። በ35 ሳምንት የተወለደ ልጅ 40 ቀን ሲሞላው በእድገቱ በጊዜው ተወልዶ ገና ቀናት ያለፉት ሕፃን ማለት ነው። አንገቱን አይቆጣጠርም፤ በመኪና ወንበር ላይ ዘንበል ሲል ኦክስጅኑ ሊወርድ ይችላል። ከሆስፒታል ሲወጡ ክትትል የሚያደርግላቸው ሐኪም ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ኦክስጅን ላይ ቆይተው የነበሩ ወይም መተንፈስ ያቋረጡበት ጊዜ የነበረ ከሆነ ያለ ሐኪም ፈቃድ አትውጡ።

ከተፈቀደላችሁ አንድ ትልቅ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ፊታቸውን እያየ ይሂድ፤ በየ30 ደቂቃው ቆማችሁ ከወንበሩ አውጧቸው። ሰንዳፋ፣ ሸኖና ጫጫ ለማቆሚያ ይመቻሉ። ለትንሽ ልጅ ወንበሩ በታችኛው የትከሻ ቀዳዳ ይስተካከል፤ በእግሮቹ መሐል ክፍተት ካለ ከመቆለፊያው ፊት ትንሽ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርጉ። ከንፈር ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ከተቆራረጠ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ወዲያው አውጥታችሁ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ጠዋትና ማታ ይበርዳል። መጠመቂያው ቦታ ላይ የሚደርቅበት ፎጣ፣ ኮፍያና ደረቅ ልብስ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ትንሽ ልጅ ሙቀቱን የሚያጣው በእርጥብ ጭንቅላቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡበት። ሴቷ በ80 ቀኗ ነው የምትነሳው። እናትየዋ ሁለቱንም ስለምታጠባ በሁለቱም ጊዜ ሁለቱም ይጓዛሉ፤ ሁለት የደርሶ መልስ መንገድ መሆኑ ነው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካክራችሁ ሥርዓቱ አጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሞ ዘመድ ወደ እናንተ ቢመጣ፣ ደብረ ብርሃን ልጆቹ ጠንከር ሲሉ ይደርሳል። የመንገዱንም ሁኔታ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያ ካሉ ዘመዶች አጣሩ።

ጥያቄ፦ መኪና የለንም። በአውቶቡስ ወይስ በሚኒባስ? — ከሰበታ

መልስ፦ አቅም ከፈቀደ ከሌላ ዘመድ ጋር ወጪ ተጋርታችሁ ቀበቶው የሚሠራ መኪና ኮንትራት ያዙ፤ ከመስማማታችሁ በፊት የኋላ ቀበቶዎቹን አውጥታችሁ ቆልፋችሁ ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ልብስ ሥር ተቀብረው ይገኛሉ። ካልሆነ ከሚኒባስ ይልቅ ትልቁን አውቶቡስ ምረጡ፤ የፊተኛው ረድፍና በሩ አጠገብ ሳይሆን መሐል ላይ ተቀመጡ። ለአንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው የግድ ነው፤ ሁለቱን ለእናትየዋ ብቻ መተው አይሆንም። ልጁ ደረት ላይ በማዘያ ይታሰር፤ አንቀልባ ላይ በጀርባ ታዝሎ መቀመጥ ልጁን በመደገፊያውና በእናቱ መሐል ያጣብቀዋል፣ ትንፋሹንም አታዩትም። ቀበቶው ካለ በእናንተ ዳሌ ላይ፣ ከልጁ በታች ይለፍ። ይህ ሁሉ የመኪና ወንበርን አይተካም፤ አደጋውን በጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ።

ጥያቄ፦ አማቴ ምች እንዳይመታቸው መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ነጠላ ጣል ይደረግባቸው ይላሉ። ሙቀቱስ? የወባ ነገርስ? — ከአዳማ

መልስ፦ ነፋስ በቀጥታ ፊታቸው ላይ እንዳይነፍስ መጠንቀቅዎ ጥሩ ነው። ወንበሩ ላይ ነጠላ ወይም ፎጣ ሸፍኖ መዝጋት ግን ውስጡን አየር የሌለው ያደርገዋል፤ ሙቀቱ በደቂቃዎች ይጨምራል፣ እርስዎም ፊታቸውን አያዩም። ፀሐዩን የሚከለክል ጨርቅ መስታወቱ ላይ ይለጠፍ፤ ተቃራኒው የፊት መስኮት ትንሽ ይከፈት። አለባበሳቸው እርስዎ ከለበሱት በአንድ ድርብ ቢበልጥ ይበቃል። ማጅራታቸውን ይዳስሱ፤ ካላባቸው ይግፈፉላቸው። የእጅና የእግር ጣት መቀዝቀዝ ብርድ አያመለክትም፣ በሕፃን ያለ ነው። ለአፍታም ቢሆን በቆመ መኪና ውስጥ ብቻቸውን አይተዉ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ የመኪናው ውስጥ በ10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል።

መቂ፣ ባቱና ሐዋሳ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆኑ ወባ አለ፤ ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። የራሳችሁን የተነከረ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫፉ ፍራሽ ሥር ይገባ። ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ የትንኝ ማባረሪያ ቅባት አይቀባም፤ ከዚያ በላይ ላለውም እጁና ፊቱ ላይ አይሁን፣ እጁን ይልሳልና። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከታየ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ተናገሩና ደም ይመርመር።

ሐዋሳ ስትደርሱ ተኝተው ቢሆን እንኳ ከመኪና ወንበራቸው አውጧቸው። ወንበሩን ነቅሎ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት ሁለት ጉዳት አለው፤ ይገለበጣል፣ መሬቱ ለጥ ሲል ደግሞ አቀማመጡ ተለውጦ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ይወድቃል። በጀርባቸው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ለየብቻ ይተኙ።

ጥያቄ፦ መንታዎቹ ይመሳሰላሉ። መድኃኒት ስንሰጥ እንዳንሳሳት ፈራን። ምን ምን እንያዝ? — ከጎንደር

መልስ፦ ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው፤ በግርግር ውስጥ አንዱ ሁለት ጊዜ ወስዶ ሌላው ሳይወስድ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ቀለም ስጡ፤ ቀይ ክርና ሰማያዊ ክር ቁርጭምጭሚት ላይ ላላ ብሎ ይታሰር፣ ጡጦውና የመድኃኒት መለኪያውም በዚያው ቀለም ምልክት ይደረግበት። መድኃኒት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እንደሰጠ ወዲያው ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጻፍ።

ቴርሞሜትር፣ የልካቸው ፓራሲታሞል ሽሮፕ ከመለኪያ ሲሪንጅ ጋር፣ ኦአርኤስና ዚንክ ያዙ። ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 6 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ 2.5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፣ በየስድስት ሰዓቱ። የጠርሙሱ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጽሑፉን አንብቡ፤ መንታ ቢሆኑም ክብደታቸው ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም መዝኑ። ተቅማጥ ከጀመረ ጡቱ አይቋረጥ፤ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በመንገድ አይታከምም፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይሂድ። ክትባት በተከተቡ በሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ አትውጡ፤ የክትባት ትኩሳትና የበሽታ ትኩሳት መንገድ ላይ አይለዩም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። የዘጠኝ ወር መንታ ይዘን ለገና እንመጣለን፤ በወንድሜ ኮሮላ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እንሄዳለን። ወንበሮቹን ከዚህ እናምጣ?

መልስ፦ አዎ፣ አምጡ። አብዛኛው አየር መንገድ የሕፃን ወንበርን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀበላል፤ ቲኬት ስትቆርጡ አረጋግጡ። ሲያርፉ ፕላስቲኩ እንዳልተሰነጠቀ ፈትሹ።

ችግሩ ያለው ቀበቶው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው መኪና ቀበቶው እስከ መጨረሻ ተስቦ ሲለቀቅ ተቆልፎ ይቀራል፤ ወንበራችሁም የተሠራው በዚያ ታስቦ ነው። ከአውሮፓ፣ ከገልፍ ወይም ከእስያ የገባ መኪና ቀበቶ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆልፈው በድንገተኛ ፍሬን ብቻ ነው፤ ወንበሩ ታስሮ ሳለ ይላላል። ስለዚህ ወንድምዎን አሁኑኑ ይጠይቁ፦ የኋላውን ቀበቶ እስከ መጨረሻ ስቦ ቀስ ብሎ ሲመልሰው ተመልሶ መውጣት ይችላል? ከቻለ አይቆልፍም። ያን ጊዜ ሦስት መንገድ አለ። ወንበሩ ላይ የራሱ ቀበቶ መቆንጠጫ ካለ እሱን ይጠቀሙ። ወይም መመሪያው ከፈቀደ ቀበቶው በወንበሩ ጀርባ የሚዞርበትን አገጣጠም ይሞክሩ። ሁለቱም ከሌሉ የኤች ፊደል ቅርጽ ያለውን የብረት መቆለፊያ ከዚያው ገዝተው ይምጡ፤ የቀበቶውን ሁለት ንብርብር አንድ ላይ ይዞ ከመቆለፊያው ምላስ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ይገባል። የኮሮላው መቀመጫ ሥር የሕፃን ወንበር የሚሰካባቸው አይሶፊክስ የሚባሉት ብረቶች ካሉ ነገሩ ይቀላል፤ ወንድምዎ በመቀመጫውና በመደገፊያው መሐል እጁን ከቶ ይፈልጋቸው።

ከመነሳታችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ልጆቹን ለሐኪማቸው አሳዩ። ከ6 እስከ 11 ወር ያሉ ሕፃናት ወደ ውጭ አገር ሲጓዙ የኩፍኝ ክትባት ቀደም ብሎ ይሰጣቸዋል፤ ሐዋሳ የወባ አካባቢ ስለሆነችም የመከላከያ መድኃኒት በኪሏቸው ልክ ይታዘዝላቸዋል። ክትባቱ ሥራውን የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተው።